ደረጃው ላይ መንገድ የሰጠናቸው

ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሁለት ወጣቶች ከብሎካችን አራተኛ ፎቅ ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ሻንጣና ልብስ የታጨቀበት ማዳበሪያ ይዘው ወረዱ። የወረዱት በዋናው ደረጃ፣ ሰው እያያቸው ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልጅ ያቀፈች እናት ግድግዳውን ተጠግታ አሳለፈቻቸው። ምድር ቤት በራፋቸው ላይ ቡና ሲለቅሙ የነበሩት እማማ ደግሞ ቀና አሉና፦

«ውይ! አራተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ ልትለቅ ነው እንዴ?»

«አዎ እማማ፣ ዛሬ ነው የምትገባው።»

«እሷስ የት አለች?»

«ቀድማ ሄዳለች፤ እዚያ ሆና እየጠበቀችን ነው።»

«በሉ እግዜር ያግዛችሁ። ግድግዳውን እንዳትፍቁት ብቻ።»

ጥበቃው የግቢውን በር ከፈተ። ዕቃው ሚኒባስ ላይ ተጫነ። ልጅቷ ከሥራ የተመለሰችው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ፖሊስ መጥቶ «ያየ ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ያላየ ሰው አልነበረም።

መልሱን አብሮ የማያቀብል ጥያቄ

ማታውኑ ደረጃው ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት ሦስት ጥፋተኛ አገኘ፦ ጥበቃው፣ የበሩ ልልነት፣ ካሜራ አለመኖሩ። ሦስቱም ላይ የሚባል ነገር አለ፤ እመለስባቸዋለሁ። እኔን ሲከነክነኝ የከረመው ግን የእማማ ጥያቄ ነው። «ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማን ማንን ይጠይቃል» ማለት ለምደናል። እዚህ ግን ተጠይቋል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ጥያቄው ውስጥ መልሱ ነበረበት እንጂ። ዕቃው ከአራተኛ ፎቅ መውረዱን፣ የቤቱ ነዋሪ ሴት መሆኗን፣ ቤት እየለቀቀች ሊሆን እንደሚችል የተናገሩት እማማ ናቸው። ለሌቦቹ የቀረላቸው «አዎ» ማለት ብቻ ነበር።

እማማን የሚያስወቅስ አይደለም። ጨዋ ሰው እንግዳን የሚጠይቀው እንዲህ ነው፤ እንዳያሳፍረው መልሱን ያቀብለዋል። በቀድሞው ሰፈር፣ የሁሉ ልጅ በሚታወቅበት መንደር፣ ይህ አጠያየቅ አይጎዳም ነበር፤ ጠያቂው የቤቱን ሰው፣ የዘመዱንና የሠራተኛውን ፊት ያውቃልና ውሸቱ ወዲያው ይታወቅበታል። ጀሞም ይሁን ሰሚት፣ የካ አባዶም ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ ተከራይ በየጊዜው በሚቀያየርበት ብሎክ ውስጥ ግን ዕቃ ማውረድና መጫን የሰርክ ትርዒት ነው። ሌባ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የት ያገኛል? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይባላል። የጋራ ደረጃ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ለመናቅ እንኳ አያስቸግርም።

የሚሠራው ጥያቄ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፦ «እንደምን አደራችሁ»። ከዚያ «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» ወይም «የማን ዕቃ ነው?» ብሎ ዝም ማለት። ዝምታው የጥያቄው ዋና ክፍል ነው። የቤት ቁጥር፣ ስም፣ ፎቅ፣ «የእነ እገሌ ነው?» የሚል ፍንጭ አይሰጥም። እውነተኛው ጫኝ ወይ ስም ይጠራል፣ ወይ ስልኩን አውጥቶ ለባለቤቱ ይደውላል። የሚዋሸው ደግሞ ስም አልባ መልስ ይወዳል፦ «የእህታችን ነው»፣ «የላይኛው ቤት»፣ «ባለቤትየው ልኮን ነው»። እዚህ ላይ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ይመጣል፦ «እሺ፣ አንድ ጊዜ ልደውልላት»። የሚደወለው ጠያቂው ራሱ በያዘው ቁጥር ነው። እነሱ በሚሰጡት ቁጥር ከተደወለ የሚያነሳው ሦስተኛው ጓደኛቸው ነው።

አቋቋምም አለው። ጠባብ ደረጃ ላይ ከፊታቸው ተገትሮ መውጫ መዝጋት አደገኛ ነው፤ ዕቃውን መያዝማ ጨርሶ አይሞከርም። ሁለትና ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ የራስን በር ከኋላ ክፍት አድርጎ መጠየቅ ነው። ከተቆጡ ወይም ከሮጡ ይሂዱ። የጥያቄው ዓላማ ሌባ መያዝ አይደለም፤ «ታይተናል» የሚል ስሜት እንዲያድርባቸው ማድረግ ነው። በቀን የሚሰርቅ ሰው የሚተማመነው ማንም ልብ ብሎ ባለማየቱ ነው፤ ፊቱን ልብ ብሎ ያየው ሰው ካለ ዕቃውን ጥሎ መሄድ ይቀለዋል።

ጥያቄው ለሁሉም ይሁን። የተቀዳደደ ጫማ ያደረገውን አስቁሞ ሱፍ የለበሰውን ማሳለፍ ሁለት ጉዳት አለው፦ ድሃውን ያለ ጥፋቱ ያዋርዳል፣ ሌባውን ደግሞ ሱፍ እንዲገዛ ያስተምራል። በአነጋገሩ ዘዬ ወይም በመልኩ ተመርጦ የሚጠየቅ ሰው ካለም ነገሩ ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ክፋት ሆኗል። ሁሉም እንደሚጠየቅ ከታወቀ ማንም አይቀየምም።

በር የሚገዛው ደቂቃ ነው

የማይሰበር በር የለም። ጥሩ በር የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ ጊዜው የሚጠቅመው ደግሞ በዚያ መሀል የሚሰማ ጆሮ ካለ ነው። ሌባውም ስሌቱ ይኸው ነው፦ ምን ያህል ይፈጃል፣ ምን ያህል ይጮኻል?

አዲስ ቤት የተረከበም ሆነ የተከራየ ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው ሲሊንደሩን፣ ማለትም ቁልፍ የሚገባበትን የመቆለፊያውን ክፍል ነው። የቀድሞው ተከራይ፣ ቀለም ቀቢው፣ ቤቱን ያሳየው ደላላ፣ ሁሉም ቁልፉን ይዘውት ያውቃሉ። መቀየሩ ባለሙያ አይጠይቅም። በሩን ከፍቶ፣ በጠርዙ በኩል ከቁልፉ ቀዳዳ ትይዩ ያለችውን ረጅም ብሎን መፍታት፤ ቁልፉን አስገብቶ በጥቂቱ ማዞር፤ የሲሊንደሯ ምላስ ከአካሏ ጋር እኩል ስትሆን ተስባ ትወጣለች። ልኩ ከብሎኑ ቀዳዳ መሀል ወደ ሁለቱ ጫፎች ይለካል፤ ለምሳሌ ወደ ውስጥ 30፣ ወደ ውጭ 40 ሚሊ ሜትር። አሮጌውን ይዞ ሱቅ መሄድ ከሁሉ ይቀላል። ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ነው፦ ሱቁ ልኩን ካጣ ረዘም ያለውን ይሸጣል፣ ገዢውም «ገባልኝ» ብሎ ይደሰታል። ሲሊንደር ከበሩ ፊት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውጭ ከወጣ በፒንሳ ተይዞ ይጠመዘዛል። ያቺ የብሎን ቀዳዳ ያለችበት መሀሉ ቀጭን ስለሆነ እዚያው ላይ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ በሩን መክፈት የሰከንዶች ሥራ ነው።

ቀጥሎ በበሩና በመቃኑ መካከል ያለው ክፍተት ነው። የቆርቆሮው በር ምንም ቢጠነክር፣ ድጅኖ ወይም ጠፍጣፋ ብረት የሚገባበት ክፍተት ካለ ይገነጠላል። መፍትሔው በቁልፉ በኩል ከላይ እስከ ታች 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት አስበይዶ ክፍተቱን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር መሸፈን ነው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ብረቱ የሚበየደው በበሩ ላይ ሆኖ መቃኑን ይሸፍናል፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ በመቃኑ ላይ ተበይዶ በሩን ይሸፍናል። በያጁ ከቸኮለ ይገለብጠዋል፤ በሩ ከነጭራሹ እንዳይከፈት ሆኖ ያረፈበት ቤት ብዙ ነው። ወደ ውጭ በሚከፈት በር ላይ ማጠፊያውም ውጭ ስለሚቀር የማጠፊያው ፒን ጫፍ በብየዳ ነጥብ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ፒኑ በመዶሻ ተመትቶ ወጥቶ በሩ ከቁልፉ ተቃራኒ ይከፈታል።

ሁልጊዜ የሚረሳው መቃኑ ራሱ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። መቃኑ በጥቂት እግሮች ብቻ ተይዞ ዙሪያው በስስ ሲሚንቶ የተለሰነ ከሆነ አንድ ጠንካራ ርግጫ ያነቃንቀዋል። ባዶ ብሎኬት ላይ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ መሰኪያ) መትቶ ማጥበቅ አይረዳም፤ የሚነክሰው ነገር የለም። እግሮቹ ያሉበትን ብሎኬት ከፍቶ ባዶውን አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ በተቦካ ቡኮ መሙላት፣ ከዚያም ለአንድ ሳምንት ያህል ውሃ እያጠጡ ማቆየት ይሻላል። በማግሥቱ በሩን እያላተሙ መዝጋት ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

ከበሩ ፊት ተጨማሪ የብረት ፍርግርግ አድርጎ በጓጉንቸር መቆለፍ ተለምዷል። ፍርግርጉ መልካም ነው፤ ጓጉንቸሩ ግን ወሬኛ ነው። በውጭ በኩል ተንጠልጥሎ የታየ ጓጉንቸር ደረጃውን ለወጣ ሁሉ «ቤት ውስጥ ሰው የለም» ይላል። ሰው ቢኖርም ባይኖርም ከውጭ ያው የሚመስል፣ ከፍርግርጉ አካል ጋር የተበየደ ቁልፍ ይመረጣል። ጓጉንቸር ግድ ከሆነም ቀለበቷ ወፍራምና በመጋዝ የማትበላ፣ አብዛኛው ክፍሏም በሽፋን ውስጥ የተደበቀ ትሁን። የምትገባበት ማያያዣ በብሎን ሳይሆን በብየዳ ይያዝ። ውድ ጓጉንቸር ገዝቶ በሁለት ትንንሽ ብሎን የተያዘ ማያያዣ ላይ ማንጠልጠል ለጓጉንቸሩም ያሳዝናል።

በመስኮት በኩል ምድር ቤት፣ አንደኛ ፎቅና፣ ይህን ብዙ ሰው አያስብም፣ የመጨረሻው ፎቅ ይጠቃሉ። የመጨረሻው ፎቅ በረንዳ ከጣሪያው ቅርብ ነው፤ የጣሪያው መውጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። የብረት መስኮቶቹ መስታወት በስቱኮ ነው የተያዘው። ስቱኮው ፀሐይ አድርቆት ከተሰነጣጠቀ በቢላ ተፍቆ መስታወቱ ሳይሰበር፣ ድምፅም ሳይሰማ ይወጣል፤ በየተወሰነ ዓመቱ ማደስ ያስፈልጋል። ፍርግርግ ሲሠራ በ12 ቁጥር ፌሮ፣ በዘንጎቹ መካከል ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ትቶ ይበቃል። ነገር ግን ከመኝታ ክፍል አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ቁልፉም የቤቱ ሰው ሁሉ በሚያውቀው፣ ከውጭ ግን እጅ በማይደርስበት ቦታ ይንጠልጠል። ማእድ ቤት ውስጥ ሲሊንደር ጋዝ ባለበት ቤት፣ በር ላይ እሳት ተነስቶ መስኮቱ ሁሉ የታሸገ ከሆነ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 ቢደርስም ማውጫ የለም።

ስለ መብራት አንድ ነገር። የብዙ ብሎክ ቆጣሪዎች ደረጃው ላይ ናቸው፤ ማንም ሊያጠፋቸው ይችላል። ማታ የእናንተ ቤት መብራት ብቻ ከጠፋ፣ በር ከመክፈት በፊት በመስኮት የጎረቤትን መብራት ማየት። እነሱ ጋ ካለ ለጎረቤት ወይም ለጥበቃው ደውሎ «ቆጣሪዬን እይልኝ» ማለት ነው።

የጥበቃው ደብተር

ጥበቃውን ሁሉም ረገመው። እሱ ግን ምን እንዲያደርግ ነበር የተነገረው? ስለ ዕቃ የተጻፈ መመሪያ የለውም፤ የነዋሪ ስም ዝርዝር የለውም፤ ስልክ ቁጥር የለውም፤ ሒሳብ ያለበት ስልክም የለውም። ከአንድ ወር በፊት አንድን ነዋሪ «ይህ ሶፋ የማን ነው?» ብሎ ስላስቆመ ተሰድቧል። ያ ስድብ ማክሰኞ ዕለት ዋጋውን አስከፈለ።

ጥበቃ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ ደንብ ነው። ደብተሩ ላይ በብሎክና በቤት ቁጥር፦ የነዋሪው ስም፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ ቋሚ ሠራተኛ ካለ ስሟ፣ መኪና ካለ ሰሌዳው። ደብተሩ ጥበቃው ቤት ውስጥ ይቆለፍ፤ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከዋለ ለሌባ የተዘጋጀ ማውጫ ይሆናል። ተከራይ ሲቀየር የማሳወቅ ግዴታ የአከራዩ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ ውሉ በተመዘገበ ማግሥት ስሙን ለነዋሪዎች ማኅበር መስጠት ተጨማሪ ድካም አይደለም።

ደንቡ ደግሞ ይህ ነው፦ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሊይዘው የማይችል ዕቃ ያለ መውጫ ወረቀት ከግቢ አይወጣም። ወረቀቱ ላይ ቀን፣ የቤት ቁጥር፣ የዕቃው ዝርዝርና የባለቤቱ ፊርማ ይሰፍራል፤ ጥበቃውም ደብተሩ ላይ ባለው ቁጥር ደውሎ ያረጋግጣል። ባለቤቱ ካላነሳ ዕቃው ይቆያል። መኪናው ቢያስቸኩልም፣ ጫኙ ቢቆጣም፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዕቃ ቢሆንም። ደንቡ የሚፈርሰው በሊቀመንበሩ ዕቃ ነው፤ ለእሱ አንድ ቀን ከታለፈ በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱን የሚጠይቅ የለም።

ጥበቃ ሲቀጠር የመታወቂያ ቅጂና ተያዥ ይጠየቃል፤ ተያዡም በአካል ቀርቦ ይፈርማል፣ አድራሻው ይጎበኛል። ለቤት ሠራተኛም እንዲሁ። በሠራተኛዋ ላይ ግን አንድ ልማድ አለን፤ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት። ስሟን በትክክል ሳይጽፉ፣ ቤተሰቧን ሳይጠይቁ፣ በመንገድ ዳር ደላላ ቃል ብቻ ቀጥሮ ቁልፍ ማስረከብ የአሠሪው ግድየለሽነት ነው። በትክክል ተመዝግባ የተቀጠረች ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ቤት ስለምትውል ብሎኩ ያለው ምርጥ ዓይን ናት። የሚገርመው ግን የብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የምትገባ ሠራተኛ የለችም።

የጥበቃው ዙር ሰዓቱ የታወቀ አይሁን፤ በየሰዓቱ ልክ የሚዞር ጥበቃን ሌባ በሁለት ሌሊት ያጠናዋል። ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት እንቅልፍ የሚከብድበት ነው፤ ሁለት ጥበቃ ካለ አንዱ ለዚያ ሰዓት ቀድሞ ይተኛ። የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የዝናብ ልብስና የስልክ ሒሳብ ማኅበሩ ያቅርብ። ደረጃውና መግቢያው ላይ ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ይበቃል፤ የሚጠፋው አምፖሉ ስለሚቃጠል ሳይሆን የጋራ ቆጣሪው ሒሳብ ስለማይከፈል ነው።

ካሜራን በተመለከተ፣ ገንዘብ ካለ ይተከል፤ ግን ምን እንደሚሰጥ ይታወቅ። የሚሰጠው ከተሰረቀ በኋላ የሚታይ ፊት ነው፤ ያውም ከተሳካ። ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ የሚያሳየው ኮፍያ ነው፤ በፊት ቁመት አካባቢ፣ ፀሐይ ከፊቱ በማትገባበት አቅጣጫ መሆን አለበት። መቅጃው በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ ይኑረው፤ ከፋብሪካ የመጣበት የይለፍ ቃል ይቀየር። ሰዓቱም ይታይ። ካሜራው 10፡12 ሲል ምስክሩ «4 ሰዓት ላይ» ይላል፤ ቃል ተቀባዩ 10 ሰዓት ብሎ ከጻፈው ደግሞ ፋይሉ ላይ ስርቆቱ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ይቀራል። ሰዓት በተጻፈ ቁጥር «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚል ቃል ይጨመርበት።

ግቢው የሚራቆትበት ሰዓት

ሌሊት የሚፈራውን ያህል ቀን አይፈራም፤ ብሎኩ ግን በእውነት ባዶ የሚሆነው ቀን ነው። ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ሠራተኛው ቢሮ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ከዚያ የባሰው ደግሞ የቀብር ቀን ነው። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ተነስቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መካነ መቃብር ሲሄድ ሰፈሩ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ይራቆታል፤ የሐዘንተኛው ቤትም በሩ እንደተከፈተ ይቀራል። የጥምቀት ቀን፣ የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ፣ የኢድ ሶላት ጠዋትም እንዲሁ ናቸው።

ለዚህ እድር ያህል የተመቸ ተቋም የለንም። ቀድሞውኑ ድንኳን ተካይ፣ ውሃ ቀጂ፣ ለፋፊ ይመድባል። በዚያው ዝርዝር ላይ ሁለት «ቤት ጠባቂ» መጨመር ነው፤ አንዱ በሐዘንተኛው ቤት፣ አንዱ በግቢው መግቢያ። ተመዳቢዎቹ ቀብር እንደሄዱ ይቆጠርላቸው፤ አለዚያ ቅጣት ፈርቶ ሁሉም ይሄዳል። ይህች አንዲት መስመር በእድሩ ደንብ ውስጥ ካልተጻፈች ምደባው አይሠራም፤ ከለቅሶ ቀርቶ ቤት የዋለ ሰው ሐሜቱን አይችለውም።

የቴሌግራም ግሩፕ ሁለት ይሁን። አንዱ ለወሬ፣ ለልደት፣ ለውሃ መጣች። ሁለተኛው ለአደጋ ብቻ፤ በእሱ ላይ «መልካም ቀን» የሚል ከወጣ በሳምንቱ ሁሉም ድምፁን ያጠፋዋል። መልእክቱ አራት ነገር ይያዝ፦ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ያየሁት ነው ወይስ የሰማሁት። የተጠርጣሪ ፎቶ አይለጠፍ፤ ስህተት ቢሆን ማጥፋት አይቻልም። ሌሊት ደግሞ ቴሌግራም አያነቃም፤ በየፎቁ ስልኩ ክፍት የሆነ አንድ ሰው ይመደብና የመጀመሪያው ለሁለት፣ እያንዳንዳቸው ለሁለት ይደውሉ። «ለአንድ ሳምንት ባሕር ዳር ነን» የሚል ፎቶ ከጉዞ በኋላም ይደርሳል።

ጩኸቱ ከተሰማ በኋላ

«ሌባ! ያዘው!» ሲባል ሁለት ነገር ይሆናል፤ ወይ ሁሉም በሩን ይቆልፋል፣ ወይ ሁሉም ወጥቶ ይደበድባል። ሁለተኛውን እንደ ጀግንነት የሚያወራ አለ። የተያዘን ሰው መደብደብ ግን ወንጀል ነው፤ ደብዳቢው ተከሳሽ ይሆናል። በጩኸት የተያዘው ሰው ሮጦ ያለፈ ተማሪ ሆኖ የተገኘበት ጊዜም አለ። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንኛውም ዜጋ ሊይዝ ይችላል፤ ይዞም ሳይዘገይ ለቅርብ ፖሊስ ማስረከብ አለበት። ከዚያ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የማቅረብ ግዴታ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ተጽፏል፤ ምርመራው የፖሊስ ሥራ ነው።

ሥራ ተከፋፍሎ ቢያዝ ይሻላል፦ አንዱ ለፖሊስ 991 ይደውል፣ አንዱ በዓይኑ ብቻ ይከተል፣ አንዱ ጥበቃውን ያንቃ። ለ991 መጀመሪያ የሚነገረው ቦታው ነው፦ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ ሳይቱ፣ ብሎክ ቁጥር፣ በአቅራቢያ የሚታወቅ ምልክት። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ቦታው ታውቋል። ከዚያ ምን እየሆነ እንዳለ፣ ስንት ሰው፣ መሣሪያ መያዛቸው፣ ወደየት እንደሄዱ፣ የመኪናው ዓይነት፣ ቀለም፣ የሰሌዳው ኮድና ቁጥር። ቁጥሩን ሁሉ መያዝ ካልተቻለ የመጨረሻዎቹን ሁለት። የቀጠናው የኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ኦፊሰር ስልክ በጥበቃው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ለአስቸኳይ ግን 991 ይቀድማል፤ ኦፊሰሩ ተኝቶ ወይም ስብሰባ ላይ ሊሆን ይችላል።

ተሰብሮ የተገኘ ቤት አይገባበትም፤ ውስጥ ሰው ሊኖር ይችላል። ፖሊስ እስኪመጣ በሩ አይነካ፣ መሬቱ አይጠረግ። ሐዘኔታ ያሸነፈው ጎረቤት ቡና አፍልቶ፣ የተበተነውን ልብስ አጣጥፎ፣ አሻራ ሊገኝበት የነበረውን መሳቢያ ወልውሎ ይጠብቃል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼኔ ነው። በዚያ ሰዓት ወዳጅ ሊረዳ የሚችለው ስልክ በመደወል ነው። መሳቢያ ውስጥ የነበረ አሮጌ ስልክም ቢሆን ሲም ካርድ ካለው የባንክ ምስጢር ቁጥር የሚላከው ወደ እሱ ሊሆን ይችላልና የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ 994 ደውሎ ማዘጋት፣ የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆኑ ደግሞ 951 ደውሎ ሒሳቡ በሞባይል እንዳይንቀሳቀስ ማስደረግ ከቴሌቪዥኑ በፊት ይመጣል።

ለቴሌቪዥኑ ደግሞ የሚያስፈልገው አስቀድሞ የተጻፈ ወረቀት ነው። የስልኩ መለያ ቁጥር *#06# ሲደወል ይወጣል፤ የላፕቶፕና የቴሌቪዥን ተከታታይ ቁጥር ከጀርባቸው ተለጥፏል። ፎቶ አንስቶ ለራስ ኢሜይል መላክ፣ ደረሰኙንም ከካርቶኑ ጋር አለመጣል ነው። ፖሊስ ጣቢያ የተያዘ ዕቃ ተደርድሮ ሲገኝ «ይሄ የኔ ይመስለኛል» የሚል አመልካች ብዙ ነው፤ ቁጥሩን ይዞ የቀረበው ይረከባል። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛም ሰው ያንኑ ቁጥር ይጠይቅ፤ የሻጩን መታወቂያ ቅጂና የተፈራረሙበትን ወረቀት ይያዝ። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 በወጣው የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ግማሽ ዋጋ የተጠራበት፣ ቻርጀርም ካርቶንም የሌለው ላፕቶፕ ደግሞ «አላወቅኩም» ለማለት አያመችም።